ሦስት ብዬ የቆጠርኩት ንብርብር (ከኩታበር በታች፣ የልኬት ማስታወሻ)

ጥር 17/2017፣ ቅዳሜ

ሥራው ይሄ ነው። ደሴ አጠገብ ካለችው ከኩታበር ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ስር አንድ ተረተር አለ፣ ከታች ጅረት ከላይ መንገዱ፣ መሀሉ ላይ ላቫ በላቫ ላይ ተደራርቦ በየመሀሉ ቀጠን ያለ የደለል ድንጋይ ይታያል። ከጅረቱ እስከ መንገዱ ያለውን ሜትር በሜትር ለክቼ አንድ ሎግ ላይ (ንብርብሮቹን ከታች ወደ ላይ በተራና በውፍረት ሚያሳይ ሥዕል ነው) ላሰፍር ነው። ለማስተርስ ፕሮፖዛል ይሆነኛል ብዬ ነው፣ ባይሆንም ከግቢ ከወጣሁ ወዲህ የመንገድ ጠጠር ከመፈተሽ በቀር ጂኦሎጂ ሚባል ነገር ስላልነካሁ እጄ ዝጓል።

ዛሬ ደሴ ውስጥ ዕቃ ስለቅም ዋልኩ። የጂኦሎጂ መዶሻ የለም፣ የግንበኛ መዶሻ በ450 ብር። ባለ 30 ሜትር መለኪያ ሜትር 800። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ሊትር 650። የብየዳ ቤት ነጭ መነፅር 150፣ ይሄን እንዳትንቁት፣ የግንበኛ መዶሻ ብረቱ ጠንካራ ባዛልት (ጥቁሩ የላቫ ድንጋይ) ላይ ሲመታ ፍንጣሪው ራሱ አይን ያጠፋል። ብራንተን ኮምፓስ (አቅጣጫም የተዳፋት ማዕዘንም ሚለካ) እና ሌንስ ከድሮ ጓደኛዬ በውሰት፣ ኮምፓሱን ከሰበርክ ኩላሊትህን ትሸጣለህ ብሎ ነው የሰጠኝ። ማርከርና ፕላስተር 180።

አሲዱን ቤት በረንዳ ላይ ወደ 10 በመቶ አቀጠንኩት። ለማያውቅ፣ መጀመሪያ ውሃው ነው ሚቀዳው ከዛ አሲዱ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፣ ተራው የተገለበጠ እንደሆነ ይፈላና ፊትህ ላይ ይረጫል።

ጥር 24

የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ጉልበት አለው ወሬም አለው። ደሴ ኩታበር ሚኒባስ፣ ከዛ ወዲያ አይሱዙ ለምነን። ቀበሌ ደብዳቤ አሳየን፣ አንድ ገበሬ መንገድ እንዲያሳዩን ተመደቡልን። እኔ "አያ" ነው ምላቸው፣ ሰባ ያለፋቸው ይመስለኛል ግን ገደሉን እንደ ፍየል ነው ሚወጡት።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሙሉ በሙሉ ከሰረ። ሜትሩን ተረተሩ ላይ ዘርግተን ከጅረቱ ወደ ላይ ለካን፣ የታችኛው ባዛልት እስከደረስንበት 38 ሜትር አልኩ ጻፍኩ፣ ማታ ቤት ገብቼ እግሬን ስታጠብ ነው ትዝ ያለኝ፣ እኔ የለካሁት የተዳፋቱን ርዝመት ነው'ኮ የድንጋዩን ውፍረት አይደለም! ንብርብሩ ጠፍጣፋ ተኝቷል፣ ተዳፋቱ 35 ዲግሪ ነው፣ ስለዚ 38 በሳይን 35 ሲባዛ 21.8 ሜትር ነው ሚሆነው። አስራ ስድስት ሜትር ከሌለበት ፈጥሬ ነበር። ሳይኑን እያሰላሁ መቀጠል ይቻላል ግን ተዳፋቱ በየአምስት ሜትሩ ስለሚለዋወጥ ለእያንዳንዱ ማዕዘን መውሰድ ሊኖርብኝ ነው፣ ተውኩት።

የካቲት 1

ዘንግ አሠራሁ። 1.5 ሜትር ባህር ዛፍ፣ አናቱ ላይ ኮምፓሱን ማስቀመጫ ጠፍጣፋ ሳንቃ፣ በየ10 ሳንቲሜትሩ ቀይ ቀለም። አናጢው 150 ብር ተቀበለና ለምን እንደሆነ ሲሰማ ሳቀብኝ። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ዘንጉን ቀጥ አድርገህ ታቆማለህ፣ ኮምፓሱን ዜሮ ላይ አድርገህ በአናቱ ወደ ተዳፋቱ አግድም ታያለህ፣ አይንህ ያረፈበትን ድንጋይ ልጁ ሄዶ ይረግጣል፣ ዘንጉን እዛ ትተክላለህ። አንድ እርምጃ 1.5 ሜትር ውፍረት፣ ሳይን የለ ምን የለ። ንብርብሩ ጠፍጣፋ እስከሆነ ድረስ ነው ይሄ ሚሠራው፣ ካዘመመ ኮምፓሱንም በዛው ልክ ማዝመም አለብህ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ ኋላ ትመጣለች።

ሁለት ችግር ገጠመን። አንደኛ ቆጠራ ጠፋን፣ ልጁ ስለ ኳስ እያወራ 14 ነው 15 ነው ተጣላን፣ እንደገና ከስር። አሁን ኪሴ ውስጥ ጠጠር ይዤ በአንድ እርምጃ አንድ ጠጠር ከግራ ወደ ቀኝ ኪስ አዛውራለሁ። ሁለተኛ በስልክ ጂፒኤስ ከፍታ ላመሳክር ብዬ አንድ ቦታ ቆሜ አስር ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሜትር ላይ ታች ሲል አየሁትና ዘጋሁት። ለካርታው ቦታ ይሆናል ለውፍረት ግን አይረባም።

ዛሬ 0 እስከ 31 ሜትር፣ የበሰበሰ ባዛልት፣ ቀዳዳዎቹ ዚዮላይት በሚባል ነጭ ማዕድን ተሞልተው ድንጋዩ የተነቀሰ ይመስላል። 31 ሜትር ላይ የመጀመሪያው ደለል!! ከስር ጥቁር ከሰል፣ ሊግናይት፣ በእጅ ይፈረፈራል፣ ከላዩ ግራጫ የጭቃ ድንጋይ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ቀጣዩ ላቫ ሲፈስበት የጠበሰው 30 ሳንቲም ያህል እንደ ጡብ የቀላ። በመዶሻ ሲነካ ይጮሃል፣ በእውነት ሸክላ ሆኗል።

የካቲት 8

ሙሉ ቀን 31ኛው ሜትር ላይ። ይቺን ንብርብር "ሀ" ብያታለሁ። ከሰሉ 1.18 ሜትር። ከከሰሉ አናት 44 ሳንቲም ከፍ ብሎ ከጭቃ ድንጋዩ መሀል አንዲት ነጭ ቀጭን መስመር አለች፣ ልጁ ነው ያያት፣ "አጎቴ ይሄ ኖራ ነው?" አለኝ። አሲድ ጠብ አደረግኩባት፣ ዝም። ኖራ ቢሆን ይፈላ ነበር። በሌንስ ስትታይ ውስጧ ሽምብራ ሽምብራ ሚያካክሉ ድቡልቡል ነገሮች አሉ፣ አንዱን በቢላ ለሁለት ስከፍለው ውስጡ እንደ ሽንኩርት ንብር ንብር ያለ። እሳተ ገሞራ ሲተፋ አመዱ እርጥበት ካለው ደመና ጋር ሲገናኝ እየተድበለበለ ይወርዳል፣ በረዶ እንደሚዘንበው ማለት ነው። ይቺ መስመር ምናልባት በአንድ ቀን የወረደች ናት፣ ከላይና ከታች ያለው ጭቃ ግን ስንት ሺህ ዓመት እንደፈጀ ማን ያውቃል።

ሰው ወሎ ተራራው ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው ይላል፣ ላቫው ደግሞ ሁሉም ባንዴ የፈሰሰ ይመስለዋል። ከወገልጤናና ከሊማሊሞ ተወስዶ ዕድሜው የተለካው ባዛልት፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ነው የመጣው፣ አብዛኛው ክምርም ሚሊዮን ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ ነው ሚያሳየው። ሚሊዮን ዓመት ለድንጋይ አጭር ነው ግን ለዛፍ በቂ ነው፣ በሁለት ፍሰት መሀል ጫካ በቅሏል ረግረግ ተኝቷል፣ ከሰሉ እሱ ነው። የእህቴ ልጅ የባህር ዛጎል ለምን የለም ይለኛል። እሱ የአባይ በረሃውና የመቀሌው የኖራ ድንጋይ ነው፣ ከዚህ በጣም ይቀድማል፣ ዳይኖሰር የነበረ ጊዜ። እኛ ጋ ከዚህ ሁሉ ላቫ በታች ነው ሚሆነው።

ስመለስ ቦርሳዬ ሸተተኝ። የአሲዱ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ ፈሷል። የሰባት ናሙና ወረቀት ምልክት ተበልቷል፣ የማስታወሻ ደብተሬ ሁለት ገጽ ቢጫ ሆኖ ተበሳስቷል፣ ሱሪዬም አልተረፈም። ወረቀት ፌስታል ውስጥ መክተት ድሮም ስህተት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ፕላስተር ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ቁጥሩ በማርከር፣ ፌስታሉም ላይ እንደገና። አሲዱ ደግሞ በአይን ጠብታ ብልቃጥ፣ ከእሱ በላይ አያስፈልግም።

የተረፉት ገጾች ላይ ከተጻፈው አንዱ "ዲፕ 22 ዲግሪ ወደ ተራራው፣ ሎካል?" ይላል (ንብርብሩ 22 ዲግሪ ወደ ተራራው አዝሟል፣ እዚህ ቦታ ብቻ ይሆን? ማለቴ ነው)። አልፌዋለሁ።

የካቲት 15

ከ35 እስከ 78 ሜትር ባዛልት፣ ግን ሚያስጠላ ባዛልት፣ የተሰባበረ፣ በየስንጥቁ አፈር የገባበት፣ አንድ ደህና ናሙና አልወጣልኝም። የአየር ፀባይ ያበሰበሰው ብዬ ጻፍኩ።

78 ሜትር ላይ ሁለተኛው ደለል። "ለ"። ከሰል 1.10 ሜትር፣ ጭቃ ድንጋይ፣ ነጭ መስመር ከከሰሉ 41 ሳንቲም ከፍ ብሎ፣ ጡብ የሆነ አናት። ከስሩ ምንጭ ይወጣል፣ የሰፈሩ ሴቶች ሚቀዱት ከዚህ ነው። ጭቃው ውስጥ ቅጠል አገኘን! ጅማቱ አንድ በአንድ ሚቆጠር፣ ቡናማ፣ አሁን ከዛፍ የወደቀ ነው ሚመስለው። አያ ሲያዩት "ሱብሃን አላህ" ብለው ዝም አሉ፣ ከዛ በጣታቸው ሊነኩት ሲሉ እጃቸውን መለሱ።

ልጁ በደስታ ፀሐይ ላይ አሰጣው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጭቃ ድንጋዩ ሲደርቅ እንደ ክሮሶ ተላላጠና ቅጠሉ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ሁለተኛውን በሶፍት ጠቅልለን በፌስታል አሰርነው፣ በቀስታ ነው መድረቅ ያለበት፣ ቤት አልጋዬ ስር ሁለት ሳምንት ሊቆይ ነው። ሚስቴ ድንጋይ አቅፈህ ተኛ ብላኛለች።

የካቲት 22

ረመዳን ገባ፣ የኛም ሁዳዴ ከሰኞ ጀምሮ ተይዟል፣ ሦስታችንም ፆመኛ ሆነን ገደል እንወጣለን፣ ውሃ ሚጠጣው ልጁ ብቻ ነው እሱም ተደብቆ።

ላይኛው ክፍል ፈጣን ነበር። ከ"ለ" በላይ እንደ ቋሚ እንጨት የተደረደረ ባዛልት፣ ገደል ስለሆነ በዳር ዞረን፣ 125 ሜትር ላይ 60 ሳንቲም ቀይ የጥንት አፈር "ሐ"፣ ከዛ እስከ መንገዱ ኢግኒምብራይት (ትኩስ የእሳተ ገሞራ አመድ ተከምሮ የጠጠረ ድንጋይ)። ጠቅላላ 99 ጠጠር፣ 148.5 ሜትር። ልጁ ኢግኒምብራይት ስለው አይኑ በራ፣ ማዶ ደላንታ ኦፓሉ ሚወጣው ከሱ እንደሆነ ሰምቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣ ጊዜ የወገልጤና ኦፓል ዓለምን ነው ያስደነገጠው። ግን እዛም ቢሆን ከዛ ሁሉ ክምር ውስጥ አንዲት ሜትር የማትሞላ ንብርብር ናት ኦፓል ያዘለችው። ግማሽ ቀን ሲቀጠቅጥ ውሎ እጁ ውሃ ቋጠረ፣ ምንም።

ነጩን መስመር ከሁለቱም ቦታ ፈጭቼ አንድ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ በማይክሮስኮፕ አየሁት። የተሰበረ ብርጭቆ ነው ሚመስለው፣ ሹል ሹል፣ ጎባጣ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው አለቀ። ከ"ሀ" እና ከ"ለ" የመጣውን ጎን ለጎን ሳስቀምጠው የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ረግረግ፣ ሁለት ጊዜ አመድ፣ እንዴት ያለ ሪትም ነው እያልኩ የፕሮፖዛሉን መግቢያ ጻፍኩ። ሦስት የደለል ወቅት፣ በየመሀሉ ይሄን ያህል ሜትር ላቫ... ብላንፎርድ እንኳ ይሄን አላየም ብዬ ተኮፍሼ ነበር (በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ ድረስ መጥቶ የታችኛውን የላቫ ክምር በአሸንጌ፣ የላይኛውን በመቅደላ ስም የሰየመው ጂኦሎጂስት ነው)።

የካቲት 29

በልግ። ዝናብ። አልሄድንም፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ሎጉን በሚሊሜትር ወረቀት ሣልኩት።

መጋቢት 6

ዝናቡ ጋብ አለ ሄድን፣ "ሀ"ን ፎቶ ላነሳ ብቻ ነበር። ስደርስ ግን ናሙና ያወጣንበት ጉድጓድ ተዘግቷል፣ ጭቃው አብጦ ተንሸራቶ ዘንግ የተከልኩበት ቀይ ምልክት ወደ አንድ ክንድ ያህል ወርዷል። ሸክላማ ጭቃ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል ያዳልጣል፣ ይሄን በመንገድ ሥራ በየዓመቱ ነው ማየው። ግን ለምን "ሀ" ብቻ? "ለ" ንቅንቅ አላለችም፣ ጉድጓዷ እንዳለ ነው።

ስለመሸ አያ ቤት አደርን። ለማፍጠሪያ ቴምርና የአጃ ሾርባ ቀረበ፣ ለኔ ተብሎ ሥጋ የሌለበት ለብቻ ተሠርቷል፣ ሳልናገር ማለት ነው። ከዛ ቡና። በረካው ላይ ሎጉን ዘርግቼ በእጅ ባትሪ እያበራሁ ላሳያቸው፣ ይሄ ጅረቱ፣ ይሄ የታችኛው ከሰል፣ ይሄ የምንጩ ከሰል እያልኩ። ዝም ብለው አዩና፦

"የታችኛው'ማ የወረደው ነው።"

"የምን የወረደው አያ?"

"ናዳው ነዋ። አያቴ በጎልማሳነቱ ነው የወረደው አሉ፣ ማሳችን ከነእርከኑ ቁልቁል ሄደ። አሁን አንተ ምትቆፍርበት ድሮ እላይ ምንጩ አጠገብ ነበር። ለዚህ'ኮ ነው እዛ ምንጭ የሌለው፣ ውሃው ላይ ቀርቶ መሬቱ ወረደ።"

"ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ እንዴት አይነግሩኝም?"

"መች ጠየቅከኝ። መንገድ አሳይ አሉኝ መንገድ አሳየሁ። አብሽር፣ መሬቱ የትም አይሄድብህም፣ የሄደውን ያህል ሄዷል።"

ልጁ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በባትሪ ያንን የተበላውን ደብተር አወጣሁ፣ 22 ዲግሪ ወደ ተራራው። መሬት ተቆርጦ ሲወርድ እግሩ ወደ ፊት እየሄደ ጀርባው ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ወንበር ላይ ለጠጥ እንደሚል ሰው፣ ስለዚ ጠፍጣፋ የነበረው ንብርብር ወደ ተራራው ያዘመመ ይሆናል። በዚህ ተረተር ላይ ሌላው ሁሉ ከ3 ዲግሪ አይበልጥም። የካቲት 8 ቀን ይሄን ጽፌ ጥያቄ ምልክት አድርጌ ያለፍኩት እኔው ነኝ።

ቀጥሎ ደግሞ ቁጥሮቹ። "ሀ" ላይ ዘንጉን ቀጥ አድርጌ ነው የለካሁት፣ ንብርብሩ ግን አዝሟል፣ ስለዚ እውነተኛው ውፍረት በኮሳይን 22 መባዛት አለበት፣ 0.927። ከሰሉ 1.18 ሲባዛ 1.09። ነጩ መስመር 44 ሲባዛ 40.8። "ለ" ላይ 1.10 እና 41 ነው። ድምቢጥ እንኳ መሀላቸው አትገባም። ቁጥሩ ስለሚለያይ ነበር ሁለት የተለያየ ንብርብር ናቸው ያልኩት፣ ልዩነቱን የፈጠረው ዘንጌ ነው። ያ ከ35 እስከ 78 ያለው "የአየር ፀባይ ያበሰበሰው" ባዛልትም ከላይ ሲወርድ የተሰባበረ ነው በቃ።

መጋቢት 13

ልቤ ተሰብሮ ነበር ግን ማረጋገጥ አለብኝ። አያ የሚሉትን አመንኩ፣ የኮሳይኑም ሂሳብ ገጠመ፣ ሎግ ላይ ግን ያላየሁትን ድንጋይ መሣል አይቻልም። ናዳው የሸፈነው ከ31 እስከ 78 ሜትር ያለው ክፍል ከኋላው ምን እንዳለ አላውቅም።

አያ ከምሥራቅ በኩል ናዳ ያልነካው ሸለቆ አለ አሉኝ፣ በአቋራጭ 600 ሜትር ያህል። "ለ"ን በእግር እየተከተልን ሄድን፣ ምንጭ ምንጩን ነው የተከተልነው፣ ከሰሉ በሣር በተሸፈነበት ሁሉ እርጥብ መስመር ይታያል፣ ይሄንንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ምሥራቁ ሸለቆ ጥሩ ተገልጧል። ከ"ለ" ቁልቁል በዘንግ 31 ጠጠር ወረድን፣ 46.5 ሜትር፣ እየጮኸ ሚሰበር ጤነኛ ባዛልት፣ ሁለት ቦታ ላይ የፍሰት ድንበር፣ ደለል ዜሮ። "ሀ" ሚባል ነገር የለም።

ፕሮፖዛሉ ላይ ሦስት የነበረው ሁለት ሆነ። መግቢያውን ሰረዝኩት። ከኔ ሁሉ በላይ የተናደደው ልጁ ነው፣ ዘንጉን ተሸክሞ የወጣ እሱ ስለሆነ።

መጋቢት 20

ሎጉን እንደገና ሣልኩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ከ31 እስከ 78 ያለውን በሰያፍ ጭረት "ናዳ" ብዬ ሞላሁት፣ ክፍተቱን ከምሥራቁ ሸለቆ አመጣሁ፣ ማያያዣዬ ነጯ የአመድ መስመር ናት። እዛም አለች፣ ድቡልቡሎቹም አሉባት፣ በአሲድ ዝም፣ በማይክሮስኮፕ ያው ብርጭቆ።

ግን አዲስ ነገር መጣ። ምሥራቁ ላይ ከሰሉ 40 ሳንቲም ብቻ ነው፣ ከ1.10 ሜትር በ600 ሜትር ውስጥ። ከስሩ ደግሞ ምዕራቡ ላይ ያልነበረ ሻካራ አሸዋ ድንጋይ አለ፣ ጠጠር ጠጠር ያለበት። ረግረጉ እዚህ ጋ ዳር ደርሶ ነበር? ወይስ ጅረት ይገባበት ነበር? ይሄ ከሦስቱ ወቅት ይልቅ ደስ ሚል ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት፣ ለፕሮፖዛልም ይሻላል፣ አንድ ረግረግ በደንብ መከተል።

እስካሁን ዕቃ 2,380 ብር፣ ትራንስፖርት ለሁለት ሰው በቀን ወደ 700፣ ሰባት ጉዞ፣ ሱሪውን ሳልቆጥር ወደ 7,300። ዕድሜ ማስለካት ከኔ አቅም ውጪ ነው፣ ናሙና ውጭ ሀገር ነው ሚላከው፣ ስለዚ አመዷን በሦስት ፌስታል አሽጌ አስቀምጫለሁ አንድ ቀን ሚለካልኝ ከተገኘ። ቅጠሉ አልጋ ስር በሰላም ደርቋል፣ አልተላጠም።

ነገ ዒድ ሊሆን ይችላል ተብሏል፣ አያ ከመጣችሁ ከዒድ በኋላ ኑ፣ ዘንጉ እኔ ጋ ይሁን ብለው ይዘውታል። ትናንት ደውዬ ነበር፣ ዘንጉን በልጅ ልጃቸው አስይዘው ከምሥራቁ ሸለቆ ማዶ ሌላ ጥቁር መስመር አይተዋል፣ ናዳ አይደለም ይላሉ። ውፍረቱን ስጠይቅ "ሁለት ቀይና ትንሽ" አሉኝ። በኔ ምልክት 20 ሳንቲም አለፍ ያለ ነው። ሚያዝያ 4 ዝናብ ካልያዘን እዛ ነን።